ለዘር የተተወ ቃሪያ

የተከለውን ለመብላት አንጀቱ የማይችል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ ጎረቤቴ ነው። ጋሽ ታደሰ ይባላሉ፤ እዚሁ አማን ከተማ ውስጥ በአንድ አጥር የምንዋሰን ጡረተኛ መምህር ናቸው። በእኛ አገር የአጥር እንጨት እንኳ ዝናብ ካገኘ ያቆጠቁጣል። እሳቸው ግን ጓሯቸው የለመለመው በእውቀታቸው እንደሆነ ያምናሉ። ምን ይባላል?

ባለፈው ቅዳሜ እንግዶቼ ምሳ ቀርቦላቸው ሳለ ሁለት ቃሪያ ልለምን ሄድኩ። ጋሽ ታደሰ ደስ አላቸው። ከጎመኑ ጀምረው፣ ስለ በሶብላው ጠባይ አስረድተው ቃሪያው ዘንድ እስኪያደርሱኝ ቤት የተውኩት ወጥ ሳይቀዘቅዝ አልቀረም። ቃሪያው ቅርንጫፉን አጉብጦታል። እጄን ስዘረጋ ያዙኝ።

«እሱ ለዘር ነው።»

«ይሄኛውስ?»

«እሱም ለዘር ነው። ዘር ይበላል እንዴ ልጄ?»

ባዶ እጄን ስወጣ ባለቤታቸው እትዬ አበበች ከገበያ ሲመለሱ በሩ ላይ ተገናኘን። ፊቴን አይተው ምንም ሳይጠይቁ ከፌስታላቸው አራት ቃሪያ አውጥተው አስጨበጡኝ።

«ጓሮ ሙሉ ቃሪያ እያለ ይገዛሉ እንዴ?» አልኳቸው።

«የእኛውማ ለዘር ነው» አሉ፤ «ከተጋባን ጀምሮ ለዘር ነው።»