በሳጥን ስለተከለለው የአደጋ መታጠቢያ የተደረገ ስብሰባ

ቀን፦ ሐሙስ፣ ኖቬምበር 15 ቀን 2018፣ ከምሳ በኋላ

ቦታ፦ ያቭነ፣ የምግብና የውሃ መመርመሪያ ላቦራቶሪ፣ «ሥራ የሌለው ሰው አይግባ» የሚል ማስታወቂያ ያለበት ክፍል

የተገኙ፦
አቶ ኤሊዮር፣ የደህንነት ኃላፊ፣ ሰብሳቢ (ከገዴራ)
ወ/ሪት ሊኖር፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ (ከዚሁ ከያቭነ)
ወ/ሮ ይርገዱ፣ የብርጭቆና የጠርሙስ አጣቢ (ከቅርያት መላኪ)፣ ግራ ክንዳቸው በፋሻ እንደተጠቀለለ
አባ ማለደ፣ የበር ጥበቃ (ከቅርያት መላኪ)
ሐብቴ፣ ናሙና አመላላሽ ሾፌር፣ ጸሐፊ። የተመረጥኩት አማርኛ አጥርቶ የሚጽፍ ሌላ ስላልተገኘ ነው፤ ማወቅም ያስቀጣል።

ያልተገኙ፦ ሥራ አስኪያጁ አቶ ሳጊ። ለምሳ ከሄዱበት ከጋን ያቭነ «ደህንነት ከሁሉም ይቀድማል» የሚል መልእክት በስልክ ልከዋል።

ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። አባ ማለደ ሲገቡ ሁላችንም ብድግ ብለን «ኖር!» አልን፤ እሳቸውም «በእግዜር» ብለው ተቀመጡ። ይህ የተመዘገበው ስብሰባው የተጠራው በዚሁ የተነሣ ስለሆነ ነው።

የስብሰባው ምክንያት፦ ባለፈው ሳምንት ሊኖር አሲድ ከትልቅ ጠርሙስ ወደ ትንሽ ስትቀዳ አባ ማለደ የመኪና ቁልፍ ሊሰጡኝ ገቡ። ሊኖር እናትና አባት ያሳደጓት ልጅ ናትና ጠርሙሱን እንደያዘች ተነሣች። አሲዱም ፈንጥቆ በወ/ሮ ይርገዱ ክንድ ላይ አረፈ። ወ/ሮ ይርገዱ በዚሁ ክፍል ወዳለው የአደጋ መታጠቢያ ሮጡ፤ ሰንሰለቱ ሲሳብ ከላይ ውሃ የሚያወርድ መሣሪያ ነው። ከፊቱ ግን ለሠራተኛ ሳይታደሉ የቀሩ የፋሲካ ስጦታዎች፣ የሳንድዊች መጥበሻ ከነሳጥናቸው፣ እስከ ጣራ ተከምረው አገኙ። በኮሪደሩ ጫፍ ያለው መጸዳጃ ቤት ሄደው እስኪታጠቡ ድረስ ክንዳቸው ተልጦ ነበር።

አጀንዳ 1፦ ለሽማግሌ ስለ መነሣት

ሰብሳቢው የአደጋው ዋና መንስኤ ባህል መሆኑን አስረዱ። ወ/ሮ ይርገዱ መንስኤው ሳጥን መሆኑን ተናገሩ። ሰብሳቢው ሳጥኑ በአጀንዳ 2 እንደሚታይ ገልጸው ለጊዜው እንዳይቃጠሉ አሳሰቧቸው።

ሊኖር ለሽማግሌ ተቀምጦ «ኖር» ማለት ይቻል እንደሆነ ጠየቀች። አባ ማለደ «ልጄ፣ ተቀምጦ ኖር ከማለትስ ዝም ማለት ይሻላል» አሉ። ቀጥሎ ሰብሳቢው አባ ማለደ ወደ ላቦራቶሪ እንዳይገቡ ሐሳብ አቀረቡ። አባ ማለደም «አሲዱ እኔ ነኝ እንዴ?» በማለት ቅሬታቸውን አሰሙ። ሐሳቡ ተሻሽሎ ሰው ጠርሙሱን አስቀምጦ እንዲጠብቃቸው አንገታቸው ላይ ደወል ይደረግ ተባለ። አባ ማለደ ጎንደር ሳሉ ደወል ያስሩ የነበረው ለበቅሎ እንደነበረ አስታወሱ። ሰብሳቢው በዕብራይስጥ «ቤሰደር፣ ቤሰደር»፣ እሺ እሺ፣ ብለው ሐሳባቸውን መልሰው ወሰዱ።

ከረዥም ውይይት በኋላ አባ ማለደ ከመግባታቸው በፊት በር ላይ ቆመው እንዲያስሉ ተወስኗል። ሊኖር በላቦራቶሪ አካባቢ ማሳል በደንቡ የተከለከለ መሆኑን አመለከተች። ስለዚህ አፋቸውን ሸፍነው፣ ግን እንዲሰማ አድርገው ያስሉ ተብሏል።

አጀንዳ 2፦ ስለ ሳጥኖቹ

ወ/ሮ ይርገዱ ጥያቄያቸው አንድ ብቻ እንደሆነ ተናገሩ። «እኔ ካሳ አልጠየቅሁ፣ ማንንም አልከሰስሁ። አሲዱን የሚቀዳው ሌላ ቢሆንም ጠርሙሱን የማጥበው እኔ ነኝ። ነገ ደግሞ ዓይኔ ላይ ቢያርፍስ? ወደ ውሃው የሚወስደውን መንገድ ብቻ ክፈቱልኝ።»

ሰብሳቢው ሐዘናቸውን ገልጸው፣ ሳጥኖቹ የአስተዳደሩ ንብረት ስለሆኑ ማንቀሳቀስ ጥናት እንደሚጠይቅ አብራሩ። እስከዚያው በሳጥኖቹ ላይ «ከዚህ በስተጀርባ የአደጋ መታጠቢያ አለ» የሚል ማስታወቂያ በዕብራይስጥ፣ በሩሲያኛና በአማርኛ እንዲለጠፍ ሐሳብ አቀረቡ። ወ/ሮ ይርገዱ ዓይናቸው ውስጥ አሲድ ገብቶ በየትኛው ቋንቋ እንዲያነቡ እንደሚፈለግ ጠየቁ። ሰብሳቢው በትልልቅ ፊደል እንደሚጻፍ አረጋገጡላቸው። ከረዥም ውይይት በኋላ በድምፅ ብልጫ ጸደቀ።

ጸሐፊው በዚህ ላይ ድምፅ አልሰጠም። አሁን ሲጽፈው ያፍራል።

ከአጀንዳ ውጭ የተፈጸመ

አባ ማለደ ተነሥተው ከላይ ያለውን ሳጥን ማውረድ ጀመሩ። ሽማግሌ ሸክም ሲያነሣ ቁጭ ብሎ ማየት ነውር ስለሆነ ሁላችንም ተንደረደርን። ሊኖር «አባ፣ ኧረ አንቱ ይቀመጡ!» እያለች ከእጃቸው ነጠቀች። ጥናት ይጠይቃል ያሉት ሰብሳቢ ራሳቸው «ያላ፣ ያላ!» እያሉ እያጣደፉን ከሁሉም የበለጠ ተሸከሙ። ምንም ዓይነት ውሳኔ ሳይተላለፍ ሥፍራው ጸዳ።

ወ/ሮ ይርገዱ በደህናው እጃቸው ሰንሰለቱን ሳቡ። ውሃ አልወረደም። ደግመው ሳቡ፤ አልወረደም።

ሰብሳቢው ለአቶ ሳጊ ደወሉ። አቶ ሳጊም መታጠቢያው ይንጠባጠብ ስለነበረ፣ የፋሲካ ስጦታዎቹ እንዳይርሱ ሲባል ውሃው ከዋናው መስመር መዘጋቱን ገለጹ። አያይዘውም የሳምንቱ ሥራ በሚጀመርበት በእሑድ የደህንነት ተቆጣጣሪ እንደሚመጣ አሳወቁ።

ወ/ሮ ይርገዱ ሰንሰለቱን እንደያዙ ነበሩ።

የመጨረሻ ውሳኔ

1. ውሃ የሌለው መታጠቢያ በተቆጣጣሪ እንዳይታይ ሳጥኖቹ ወደ ነበሩበት ይመለሱ።
2. ሳጥኖቹ ከተመለሱ ማስታወቂያው ሰው ወደ ደረቅ ቧንቧ ስለሚመራ ተሰርዟል።
3. ተቆጣጣሪው ስለ ሳሉ እንዳይጠይቅ፣ ሳሉም ተሰርዟል።
4. ወ/ሮ ይርገዱ «እንግዲያው ከቤቴ ባልዲ አምጥቼ ውሃ ሞልቼ አጠገቤ አኖራለሁ» ቢሉም፣ ባልዲ መተላለፊያ ዘግቶ ሰው ስለሚያደናቅፍ አልተፈቀደም።

በዚህም ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ ተቆጥሮ፣ ስብሰባው ከቀኑ በአሥር ሰዓት ተዘግቷል። አባ ማለደ ሲወጡ ሁላችንም ተነሣን። ሳጥኖቹን ሲመልሱ የነበሩትን ሰብሳቢ ግን አባ ማለደ አላገዟቸውም፤ እኛም ቁጭ ብለን አየናቸው።

ተጨማሪ፦ ወ/ሮ ይርገዱ እሑድ ጠዋት ባልዲያቸውን ይዘው ከአውቶቡስ ወረዱ። ክልክል መሆኑን ጸሐፊው አሳምሮ ያውቃል፤ በገዛ እጁ ጽፎታል። ውሃውን የሞላሁትም እኔ ነኝ።

ሐብቴ፣ ጸሐፊ