ጋደም ብሎ የሚሞላው ባትሪ

ታላላቅ ግኝቶች የሚወለዱት በታላላቅ ቤተ ሙከራዎች ብቻ ነው የሚል ሰው፣ ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ጫፍ ላይ ያለውን ያንን መሥሪያ ቤት ጎብኝቶ አያውቅም። ኃላፊው አቶ ሂሻም በአንድ የኤሌክትሪክ ብስክሌት፣ በአንድ የኒም ዛፍ ጥላና በአንድ የእኩለ ቀን እንቅልፍ ሳይንስን ዐሥር እርምጃ አራመዱት። ወደየት እንዳራመዱት ገና እየተጣራ ነው።

ብስክሌቱ የተገዛው ለተላላኪዋ ለኒምኮ ነበር። ኒምኮ ከመናገር መሄድ የሚቀላት ልጅ ናት። የኮንትራት ሥራዋ ሐሙስ ያልቃል። አቶ ሂሻም ግን ቃል ገብተውላታል፤ የዓመቱ ሪፖርት ሐሙስ ከዐሥራ አንድ ሰዓት በፊት ሳቢያን ሰፈር ካለው ዋናው ቢሮ ከደረሰ የቋሚነት ደብዳቤዋን ይፈርማሉ።

ነገሩ የተጀመረው ሰኞ ነው። ኒምኮ የብስክሌቱ ስክሪን አምስቱንም የባትሪ መስመር እያሳየ ወጣች። ዳገቱ ላይ መስመሮቹ ተራ በተራ ረገፉ፤ አንድ ብቻ ሲቀር ብስክሌቱን እየገፋች ተመለሰች። ስድስት ሰዓት ሆኖ ነበር። በዚያ ሰዓት ድሬ ውስጥ ሰውም፣ ፍየልም፣ መንግሥትም ጥላ ፈልጎ ይጋደማል፤ ብስክሌቱም ከኒሙ ሥር ተጋደመ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢሮ ሲከፈት ስክሪኑ ሦስት መስመር አሳየ።

አቶ ሂሻም ዘበኛውን ጠርተው ማን እንደሰካው መረመሩ። ዘበኛው ወላሂ ማንም አልነካውም፣ እኔ ራሴ አጠገቡ ተኝቼ ነበር ብሎ ማለ። አቶ ሂሻም መነጽራቸውን አወለቁ።

«ስለዚህ ሲተኛ ይሞላል» አሉ።

በዚያው ቀን አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰው ከምሳ በኋላ ጋደም ሲል እንደሚታደስ፣ ብስክሌቱም የመሥሪያ ቤቱ ባልደረባ እንደመሆኑ ከዚህ መብት ሊገለል እንደማይገባ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ቻርጀሩ በሞዴል 19 ለንብረት ክፍል ገቢ ሆነ። ለብስክሌቱ ሰሌን ተነጠፈለት፤ ትራስ ይጨመርለት የሚለው ሐሳብ ለተጨማሪ ጥናት ተላለፈ። መመሪያም ወጣ። አንቀጽ ሦስት እንዲህ ይላል፦ «ከሁለት መስመር በታች ቀርቶት በእረፍት ላይ ያለን ማንኛውንም የመሥሪያ ቤቱን ኃይል፣ በየትኛውም የሥልጣን እርከን ላይ የሚገኝ ሰው ሊቀሰቅሰው አይችልም።»

ኒምኮ ነገሩ አልዋጥልሽ አላትና ጎረቤቷን ዱዓሌን ጠየቀችው። ዱዓሌ የኤሌክትሪክ ባጃጅ ይነዳል፤ ባትሪ ስንት ጊዜ መንገድ ላይ እንዳዋረደው ቆጥሮ አይጨርስም።

«አንቺ፣ ባትሪን ተጋድሞ እያለ አትጠይቂው» አላት። «ሲጋደም የጫት በርጫ ላይ እንዳለ ሰው ነው፤ ፎቅ ሠርቶ ያከራይልሻል። እውነቱን የሚናገረው ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ነው። እዚያ ላይ የምታዪው መስመር፣ ያ ነው ያለው። እረፍት ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል እንጂ ኃይሉን አይመልሰውም።»

ይህን ልትነግራቸው ሁለት ጊዜ እስከ አቶ ሂሻም በር ሄዳ፣ ሁለቴም ሰላም ብላ ብቻ ተመለሰች። በሦስተኛው ተናገረች። አቶ ሂሻም በትዕግሥት ካዳመጧት በኋላ ባጃጅ ነጂው የኮሚቴው አባል አለመሆኑን አስረዷት።

ማክሰኞ ከእረፍት በኋላ የመጣው ሁለት መስመር ብቻ ሆነ። ኮሚቴው እንቅልፉ በዝንብ መረበሹን ደረሰበት። ስለዚህ ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ዋለ፤ ዘበኛውም ዝንብ ሲያባርርለት ዋለ።

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ አቶ ሂሻም ግኝታቸውን ለዋናው ቢሮ ራሳቸው ሊያቀርቡ፣ አሁንም ሁለት መስመር ብቻ በሚያሳየው ብስክሌት ላይ ወጡ። ኒምኮ ሪፖርቱን ታቅፋ በእግሯ ተከተለቻቸው። ድልድዩን አልፈው ዳገቱ ሲጀምር ሁለቱ መስመሮች ተያይዘው ጠፉ። አቶ ሂሻም መውረድ ግኝታቸውን መካድ መሰላቸውና፣ እላዩ ላይ እንደተቀመጡ ኒምኮን ግፊ አሏት። ሪፖርቱን በብብቷ ሸጉጣ ገፋች። ዐይኗ እስኪጨልም ከገፋች በኋላ አንድ አጥር ጥላ ሥር ቁጭ አለች።

«ምን ሆንሽ?»

«አንድ መስመር ነው የቀረኝ፣ አቶ ሂሻም።»

«ሰዓቱ እየሄደ ነው እኮ፣ ኒምኮ።»

«አውቃለሁ» አለች፣ ድምፅዋ እምብዛም ሳይሰማ። «ግን አንቀጽ ሦስት አለ። የፈረሙት እርስዎ ነዎት።»

አቶ ሂሻም ሕግ አክባሪ ሰው ናቸው። ወረዱና ብስክሌቱን ብቻቸውን እየገፉ ሄዱ።

ዋናው ቢሮ በር ላይ ሲደርሱ ሸሚዛቸው ከጀርባቸው ተጣብቆ ነበር። ሊቀበላቸው የወጣው ባለሥልጣን ስክሪኑን ከፍቶ አየ። ብስክሌቱ ሲገፋ ባትሪው አርፎ ነበርና ሁለት መስመር ያበራል።

«ሁለት መስመር እያለው ለምን ይገፉታል?»

አቶ ሂሻም ትንፋሻቸውን ፈልገው ካገኙ በኋላ «እሱማ አርፎ ነው የመጣው» አሉ። «ያለቀው የእኔ ነው።»

ከባለሥልጣኑ ኋላ፣ አግዳሚው ላይ ኒምኮ ተቀምጣለች። ዱዓሌ በባጃጁ ሲያልፍ አይቷት አምጥቷታል፤ ሪፖርቱም ለዐሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲል ማኅተም ተመቶበታል። አቶ ሂሻም ደብዳቤዋን እዚያው ፈረሙላት። ብስክሌት ሲገፋ በዋለ እጅ ስለፈረሙ ፊርማው እስከ ዛሬ የእርሳቸው አይመስልም።

መመሪያው አልተሻረም፤ ተሻሻለ እንጂ። ቻርጀሩ በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ ብስክሌቱ እንደማንኛውም ብስክሌት ይሰካል። ሰሌኑ ግን ከኒሙ ሥር አልተነሣም፤ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አቶ ሂሻም ይጋደሙበታል። ሲነሡ ስንት መስመር እንዳላቸው የሚመዘግብ ኮሚቴም ተቋቁሞ፣ በየቀኑ አምስት ከአምስት ይሰጣቸዋል። ዳገት ላይ እንዳይሞከሩ ግን በአንቀጽ አራት ተከልክሏል።