አዲስ ጌም ቅዳሜ ብቻ

ቀን የሌለው ነገር አልወድም። ገበያ ቀን አለው፤ ታቦት ቀን አለው፤ ጁምዓ ቀን አለው። ፍርድ ቤት እንኳ ዓመት ሙሉ ቢያመላልሳችሁ ቀን ቆርጦ ነው የሚያመላልሳችሁ። የቪዲዮ ጌም ግን ቀን የለውም። አንዱ ማክሰኞ ይወጣል፣ ሌላው ሐሙስ። ሦስተኛው ዓርብ ይወጣል ተብሎ ስንጠብቀው ይከርምና «ለሌላ ጊዜ ተላልፏል» ይባላል። ሠሪዎቹ ስማቸው ዓለምን የሞላ ባለጠጎች ናቸው። ከሰባቱ ቀን አንዷን መርጠው «ይቺ የእኛ ናት» ማለት እንዴት አቃታቸው?

ምን አገባህ እንዳትሉኝ። ሐረር ውስጥ፣ ፈላና በር አጠገብ ጌም ቤት አለኝ። ጥቂት ቴሌቪዥን፣ ከተሰበሩት የማይበልጡ ደኅና ጆይስቲኮች፣ ጀርባ የሚያሳምም አግዳሚ ወንበር። በዚህ ዕድሜህ ከጎረምሳ ጋር ምን ትሠራለህ የሚሉኝ አሉ። ተቀምጬ እሠራለሁ። በልጅነቴ ቆሜ የሠራሁት ይበቃኛል።

አዲስ ጌም እኛ ዘንድ የሚደርሰው ኩባንያው ባወጣው ቀን አይደለም። ኔትወርኩ ደኅና ሲሆን ይወርዳል፤ ሳይሆን ሲቀር ድሬዳዋ ያለ ወዳጄ በሃርድ ዲስክ ጭኖ በሚኒባስ ይሰድልኛል። ድሮ እንደደረሰ እከፍተው ነበር። ያኔ ወሬውን አስቀድሞ የሰማ ለወንድሙ ይነግራል፤ ወንድሙ ለጓደኛው፤ ሌላው ሰፈር ሲሰማ አግዳሚው ሞልቷል። ከሐኪም ጋራ ተራራ በእግሩ የሚወርደው፣ ከሶፊ ገጠር ጫት አምጥቶ ሸጦ የሚመለሰው ጎረምሳ ሲደርሱ ጥግ ቆመው የሰው ጨዋታ ያያሉ። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ። ይኼን ነገር ከየት እንደማውቀው ልንገራችሁ፤ አላስረዝምም።

የወታደር ልጅ ነኝ። አባቴን ወደ ሐረር አመጡት፣ ከሐረር ወሰዱት፣ አልመለሱትም። እናቴ የሰው ልብስ እያጠበች አሳደገችን። ለልብስ አጣቢ ውሃ ማለት ለገበሬ ዝናብ ማለት ነው፤ የሰፈራችን ቦኖ ግን ቀን አልነበረውም። የሚከፈተው ከፋቹ ሲሻው ነው። እሱ አስቀድሞ ለመቶ አለቃው ሚስት ሹክ ይላል፤ እሷ ለጎረቤቷ። እናቴ የምትሰማው የሰው ጀሪካን ሲንኳኳ ነበር። አንድ ጊዜ ከየቤቱ የሰበሰበችውን ልብስ ሳሙና ውስጥ ነክራ ውሃ ጠበቀች። ውሃው መጥቶ ሄደ። አልሰማንም። ልብሱ ሸተተ፤ ባለቤቶቹም ሌላ አጣቢ ፈለጉ። ያን ሰሞን ምን እንደበላን አልጽፍም።

በኋላ ከፋቹ ተቀየረ። አዲሱ ሰላምታ የሚከብደው ኮስታራ ሰው ነበር። በመጣ በሳምንቱ የቦኖው ግድግዳ ላይ በኖራ አንድ ቃል ጻፈ። ማክሰኞ። ውሃው አልጨመረም፤ ቧንቧውም ያው ነው። ግን እናቴና የመቶ አለቃው ሚስት አንድ ወረፋ ላይ ቆሙ። ከዚያ ወዲህ ፍትሕ ምንድን ነው ብለው የሚከራከሩ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ መንገዴን እቀጥላለሁ። እኔ አይቼዋለሁ። በኖራ ተጽፎ።

እናም ለጌም ቤቴ ቀን ልቆርጥ ተነሣሁ። ስሕተቴ ደንበኞቼን ማማከሬ ነው። ሐረር ላይ ባለቤት የሌለው ቀን መፈለግ ጀጎል ውስጥ ባዶ ቦታ እንደመፈለግ ነው። ዓርብ ስንል ጁምዓ ነው። እሑድ ስንል ቅዳሴ አለ። ረቡዕ ሲባል የመምህሩ ልጅ በጾም ቀን አዲስ ጌም መጀመር ይከብደኛል አለ፤ አሮጌውን ሲጫወት ግን ጾሙ ትዝ ብሎት አያውቅም። ሐሙስ ለዚክር ጸሎት የሚያመሹ አሉ። ሰኞ ማንም ሰው ደስ ብሎት አያውቅም። እኔ ማክሰኞ ይሁን አልኩ፤ በብዙ አገር ጌም የሚወጣው ማክሰኞ ነው ሲባልም ሰምቻለሁ። «ጋሽ ታዴ፣ ማክሰኞ እኮ የውሃ ተራችን ነው» አሉኝ። አፈርኩ። ይኼን ከሁሉ በፊት ማስታወስ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት ቀረች። የበርጫ ሰዓት ነው፣ ጫታችንን የት እንቃም ብሎ የተቃወመ ነበር። ጫት ጉንጭ እንጂ እጅ አይዝም ብዬ አለፍኩት፤ እንዲያውም መርቅኖ የሚጫወት ሰው ግብ ባያገባ እንኳ ኳሷን ይመክራታል። ሌላው ደግሞ ጌም ሲያልቅ ነው የሚወጣው፣ ሊጥ በቀጠሮ አይቦካም አለኝ። እውነቱን ነው። እንግዳ ግን በቀጠሮ ይጠራል። በሬ ላይ በኖራ ጻፍኩት፦ አዲስ ጌም ቅዳሜ ብቻ።

በሬ አልኩ እንጂ በሩስ የሐጂ ረመዳን ነው። ቤቱን ያከራዩኝ እሳቸው ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ደግነታቸው ግን ቤቱ የማን እንደሆነ አያስረሳም። የዘንድሮው የኳስ ጌም ከድሬዳዋ ረቡዕ ጠዋት ገባ። ወሬ ከሚኒባስ ይፈጥናልና ከሰዓት ሐጂ መጡ። ልጃቸው ነቢል ጅጅጋ ነው የሚማረው፤ ለእረፍት መጥቶ ዓርብ ይመለሳል። ዛሬውኑ ከአብሮ አደጎቹ ጋር ይጫወትበት አሉኝ።

«ቅዳሜ ነው የሚከፈተው፣ ሐጂ።»

«ቅዳሜ ልጁ የለም።»

«ዛሬ እዚህ ለሌለውም ነው ቀን የቆረጥኩት።»

ጽሑፉን አዩት። ቀጥለው በሩን አዩት።

«በሩ የኔ ነው፣ ታደሰ።»

«በሩ የእርስዎ ነው። ቀኑ ግን የሁሉ ነው።»

«እንግዲያው ወላሂ፣ ቀንህን ይዘህ ሌላ በር ፈልግ።»

እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ ሰጡኝና ሄዱ።

ሰፈሩ መከረኝ። ቤት በዚህ ዘመን እንዴት ይገኛል፣ ለአንድ ቀን ብታጎነብስ ወገብህ አይሰበርም አሉኝ። ወገቤን እኔ አውቀዋለሁ፤ ጀሪካን የተሸከመ ወገብ ነው። ከጀጎል ግንብ ውጪ ያለው ሌላ ጌም ቤት ያንኑ ጌም በዚያው ዕለት ከፍቶ ደንበኞቼን ሲወስድ አየሁ። ይውሰድ። ዓርብ ነቢል ጌሙን ሳይነካ ጅጅጋ ሄደ።

ቅዳሜ ደረሰ። ከሐኪም ጋራ የሚወርደው ወረደ፤ የሶፊው ጎረምሳ ጫቱን ቶሎ ሸጦ ከሁሉ ቀድሞ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ጆይስቲኩን በሁለት እጁ ያዘ። የጌሙ ሙዚቃ ጀመረ። መብራት ጠፋ።

ጠበቅን። አልመጣም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሶፊው ጎረምሳ ጆይስቲኩን አስቀምጦ ወደ አገሩ ሄደ።

መብራቱ የመጣው እሑድ እኩለ ቀን ላይ ነው። የቅርብ ሰፈር ልጆች በሬን ሞሉት። ጋሽ ታዴ፣ መብራት የጠፋው በአንተ ጥፋት አይደለም፣ የትናንቱን ዛሬ ክፈትልን ይሉኛል። ደንበኛ ሸሽቶኛል፤ ቤቱን ልለቅ ነው፤ ነገሩም የመብራት እንጂ የዝምድና አይደለም። እጄ ቁልፉን ከኪሴ አወጣ። ልቤ ግን የሶፊውን ጎረምሳ እየፈለገ ነበር። ዛሬ መብራት መጣ ብሎ ሶፊ ድረስ ሄዶ ማን ይነግረዋል?

ሐጂ ረመዳን የደረሱት ይኼኔ ነው። ልጆቹን በከዘራቸው ከፍለው መጡ፤ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጡ፤ ከዘራውን በሩ ላይ አጋደሙት።

«ዛሬ ምን ቀን ነው፣ ታደሰ?»

«እሑድ ነው። መብራት ጠፍቶ ነው እንጂ…»

«መብራቱን አልጠየቅሁህም። የኔ ልጅ ሳይነካው የሄደውን ጌም እሑድ ማን ይነካዋል? በሬ ላይ የተጻፈው ቅዳሜ ነው።»

ልጆቹ አጉረመረሙ፤ ከሐጂ ጋር የሚከራከር ግን አልተገኘም። እኔም ቁልፌን ወደ ኪሴ መለስኩ። ልጆቹ ሲበተኑ የወሩ መጨረሻ እንዴት ይሆናል ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ሌላ በር አገኘህ?»

«አላገኘሁም።»

«አትፈልግ እንግዲህ። አንተ ከሄድክ ይኼን ቀን የምጠብቀው እኔ ልሆን ነው። እኔ አርጅቻለሁ።»

ያሸነፍኩ ይመስላችሁ ይሆናል። እኔም ለጊዜው መስሎኝ ነበር። አሁን ከበላዬ የቀን ዘበኛ አለብኝ፤ ልተኛ ብል የማያስተኛኝ፣ ቅዳሜ አምስት ደቂቃ ብዘገይ በከዘራው በሩን የሚመታ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስከፍት የሶፊው ጎረምሳ ወረፋው ፊት ነበር። ከኋላው ቦርሳውን ያነገተ፣ ከጅጅጋ መንገድ አቧራውን ያላራገፈ ወጣት ቆሟል። ነቢል ነው። አባቱ ደፉ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ልጃቸውን አዩት፣ ወረፋውን አዩት፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። ቅደም አላሉትም። አልቀደመም።

እንግዲህ እነዚያ ባለጠጎች ቀን መቁረጥ ምን ያህል ከባድ ነው ቢሏችሁ አትመኑ። ከባዱ መጠበቁ ነው። ለመጻፉ ኖራ ካጡ እኔ ጋ አለ።