በአማካይ ልክ ስለተገዙት የሱፍ ካናቴራዎች

የሴቶች የእግር ጉዞ ማኅበር ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ፣ የአስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ የወሩ ሁለተኛ ሐሙስ፤ ማለትም ከተራራው ጉዞ በፊት ያለችው የመጨረሻዋ ሐሙስ።

ቦታ፦ ከዳቦ ቤቱ በላይ ያለው ክፍል። ምድጃው ከሥራችን ስለሆነ ወለሉ ይሞቃል፤ ስለ ብርድ የተወያየነው ጫማችንን አውልቀን፣ መስኮት ከፍተን ነው።

ሰዓት፦ 11፡00 ተብሎ 11፡40።

የተገኙ፦
ሰብሳቢ፣ በጡረታ ላይ ያሉ ርዕሰ መምህርት
ገንዘብ ያዥ፣ የመድኃኒት ቤት ባለቤት፤ በቁመት ከሁላችን አጭር
ነርሷ፤ በቁመት ከሁላችን ረጅም
የዳቦ ቤቱ ባለቤት፣ «ድምቡሼ» የምንላቸው፤ ስሙን ያወጡት ራሳቸው ናቸው
የሰብሳቢዋ ምራት፣ አባል
ጸሐፊ፣ ይህን የምጽፈው እኔ፤ የተመረጥኩት በምርጫው ቀን ስለቀረሁ ነው

ያልተገኙ፦ ልብስ ሰፊዋ። ልካችንን የለኩት እሳቸው ሲሆኑ፣ ልኩን ምን እንዳደረግነው ከሰሙ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያገኙን ወደ ማዶ ይሻገራሉ።

ከሰባት አባላት ስድስቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ፦
1. የሜሪኖ ሱፍ ካናቴራና ታይት የሙከራ ሪፖርት
2. ልብሱ ልካቸው ያልሆነ አባላት ጉዳይ
3. ልብሱ ልካቸው የሆነ አባል ጉዳይ
4. ልዩ ልዩ

ወደ አጀንዳው ከመገባቱ በፊት ሰብሳቢዋ የጉዳዩን አመጣጥ አስታውሰዋል። ባለፈው ጉዞ ገንዘብ ያዧ ከሹራባቸው ሥር የጥጥ ካናቴራ ለብሰው ወጡ። ዳገቱ ላይ አላባቸው፤ ጥጡ ላቡን ጠጥቶ እንደረጠበ ቀረ፤ ገላጣው ላይ ንፋስ ሲያገኛቸው ጥርሳቸው ይንገጫገጭ ጀመር፤ ሁላችንም ከግማሽ መንገድ ተመለስን። ገንዘብ ያዧ «ከግማሽ ያልፋል» የሚል ማስተካከያ አቅርበው ተመዝግቦላቸዋል።

ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር ተወስኖ ነበር። አንደኛው፣ ከገላዋ ጋር ሜሪኖ ሱፍ፣ ማለትም ቢረጥብም የሚያሞቀውን ስስ የበግ ሱፍ፣ ያልለበሰች አባል ወደ ተራራው ጫፍ እንዳትወጣ ነው። ሁለተኛው፣ ለኮሚቴው ካናቴራና ታይት በጋራ እንዲገዛ ነው። ሰባታችንም ተለካን። ሆኖም ልካችን በስብሰባ ይነበብ ሲባል አብዛኞቹ አባላት ድንገት ውሃ ጠማቸውና ወጡ። የማንም ወገብ ለማንም እንዳይታወቅ ሲባል ገንዘብ ያዧ የሁላችንንም ልክ ደምረው ለሰባት አካፈሉት፤ በተገኘው አማካይ ሰባት ሙሉ ልብስ ታዘዘ። ሐሳቡ ያለፈው በጭብጨባ ነበር። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

የቅዳሜና እሁዱን የሁለት ቀን ጉዞ ሐሳብ ያመጡት የሰብሳቢዋ ምራት መሆናቸው በዚሁ ይመዝገብ። ልጃቸው ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። እሱ ከተወለደ ወዲህ ከቢሮ በስተቀር የዳይፐር ቦርሳ ሳይሸከሙ የትም ሄደው እንደማያውቁ፣ ሁለት ቀን ብቻ ባዶ እጃቸውን መሄድ እንደሚፈልጉ ባለፈው ስብሰባ ተናግረው ነበር። ሰብሳቢዋ ያን ቀን «ይታያል» ብለው አልፈውታል።

አጀንዳ 1

ነርሷ ካናቴራውን ከሥራ ልብሳቸው ሥር ሳያጥቡ ደጋግመው እንደለበሱት፣ ሱፍ ያሳክከኛል ብለው ቢፈሩም ለስላሳ ሆኖ እንዳገኙት፣ ሽታም ጭራሽ እንዳልያዘ ሪፖርት አድርገዋል። አለመሽተቱን ማን አረጋገጠ ተብለው ሲጠየቁ፣ ከበሽተኞች አንድም ቅሬታ አልቀረበም ብለዋል። የሚሠሩት የትኛው ክፍል ነው ተብለው ሲጠየቁ፣ ቀዶ ሕክምና ክፍል መሆኑን፣ በሽተኞቹም ማደንዘዣ የወሰዱ መሆናቸውን አምነዋል። ጉድለቱን በተመለከተ፣ እጅጌው ክርናቸው ላይ፣ ታይቱም ከጉልበታቸው ጥቂት ዝቅ ብሎ እንደሚያበቃ ቆመው አሳይተዋል።

ድምቡሼ ካናቴራውን በአንገታቸው ካስገቡት በኋላ ትከሻቸው ላይ ሲደርስ ወደ ላይም ወደ ታችም ወይ ፍንክች እንዳለ፣ ባለቤታቸውና ሊጥ አቡኪው ግራና ቀኝ ይዘው ጎትተው እንዳወጡላቸው አስረድተዋል። ቀጥለውም ይህ በቃለ ጉባኤው እንዳይሰፍር ጠይቀዋል። መጠየቃቸው ሰፍሯል። ያን ሁሉ ጉተታ ችሎ አንድም ቦታ አለመተርተሩ ግን ለጨርቁ ጥራት በቂ ምስክር ነው ብለዋል።

ገንዘብ ያዧ እጅጌው ከእጃቸው አልፎ ስለተንጠለጠለ፣ ሱፍ በፈላ ውሃ እንደሚኮማተር ስለሚያውቁ፣ ሆን ብለው ዘፍዝፈው ወደ ልካቸው ሊያመጡት እንደሞከሩ ገልጸዋል። ውጤቱን ከቦርሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኑረዋል። ነርሷ «ለአሻንጉሊት ቆንጆ ነው» በማለታቸው ሳቅ ስለተነሳ ሰብሳቢዋ ጠረጴዛውን መትተዋል። ገንዘብ ያዧ ስሌቱ ትክክል እንደነበረ፣ የተሳሳተው ውሃው መሆኑን አስመዝግበዋል።

የጸሐፊዋ ሪፖርት፦ ወገቡ ልክ ነው፤ ደረቱ ልክ አይደለም። ዝርዝር አያስፈልግም።

ሰብሳቢዋ ራሳቸው ሞክረውት እንደሆነ ተጠይቀው፣ ሰብሳቢ ሪፖርት ይሰማል እንጂ አያቀርብም ሲሉ መልሰዋል።

የሰብሳቢዋ ምራት ለብሰውት እንደመጡ በአጭሩ ተናግረዋል። ሁሉም ዞሮ አያቸው። ከሸሚዛቸው ሥር ነበር። እጅጌው አንጓቸው ላይ አልቋል፤ ትከሻው ትከሻቸው ላይ ነው። ቢሮም፣ ገበያም፣ ቤትም እንደሚለብሱት፣ ልጃቸው ሾርባ ሲደፋባቸው በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቀው አስጥተውት ጠዋት ደርቆ እንዳገኙት አስረድተዋል። ድምቡሼ እጅጌውን ዳበስ አድርገው «አንቺ! ልክ እንደተሰፋልሽ!» ብለዋል። ሰባታችን ተደምረን ለሰባት ብንካፈል የምትወጣው ሴት እሳቸው መሆናቸው በዚህ ተረጋግጧል።

ውሳኔ፦ ሪፖርቱ ጸድቋል።

አጀንዳ 2

ነርሷ ልብሱ ለሻጩ ይመለስ የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ገንዘብ ያዧ ሻጩ ገላ የነካ ልብስ አልቀበልም ማለቱን ገልጸዋል። ድምቡሼ የእሳቸው ገላቸውን እንዳልነካ፣ የነካው ትከሻቸውን ብቻ እንደሆነ ተከራክረዋል። ትከሻ ገላ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ ረጅም ውይይት ተደርጓል። ነርሷ በሙያቸው ምስክርነት እንዲሰጡ ተጠይቀው፣ በሙያቸው ትከሻ ገላ መሆኑን በመመስከራቸው ድምቡሼ «እሷ ደግሞ በሰው ነገር» ብለው ፊታቸውን አጥቁረዋል።

ገንዘብ ያዧ፣ ልብሱ ወደ አባላት መምጣት ካልቻለ አባላት ወደ ልብሱ ቢመጡስ የሚል አዲስ ሐሳብ አቅርበዋል። ይኸውም እያንዳንዷ አባል በስድስት ወር ውስጥ ወደ አማካዩ እንድትቀርብ ነው። ድምቡሼ ክትትሉ በዳቦ ቤቱ ግቢ ውስጥ እንዳይካሄድ በሚል ቅድመ ሁኔታ ደግፈዋል። ነርሷ ቁመታቸውን በምን መንገድ ወደ አማካዩ እንደሚያቀርቡ ማብራሪያ ጠይቀው፣ ዝርዝሩ ወደፊት በመመሪያ እንደሚወጣ ተነግሯቸዋል።

ውሳኔ፦ ከረጅም ውይይት በኋላ አባላት ወደ አማካዩ እንዲቀርቡ ተወስኗል።

አጀንዳ 3

ሰብሳቢዋ፣ ባለፈው ውሳኔ መሠረት ወደ ጫፉ መውጣት የሚችሉት አንድ አባል ብቻ መሆናቸውን፣ እሳቸውም ምራታቸው መሆናቸውን አስረድተዋል። አንዲት ሴት ብቻ የምትጠቀምበት ነገር የማኅበር ሊባል እንደማይችል፣ በዚህ ላይ ለቤተሰብ አዳላች መባልን እንደማይፈልጉ ገልጸዋል። ስለዚህ ሌሎቻችን አማካዩ ላይ እስክንደርስ ድረስ ካናቴራው ቁም ሳጥን ውስጥ እንዲቆለፍ፣ የቅዳሜው ጉዞም እንዲሰረዝ ሐሳብ አቅርበዋል። ሲጨርሱም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለነገሩ ሕፃን ያለባት ሴት ውጭ ማደሯ ምኑም ደስ እንደማይል ጨምረዋል።

ነርሷ ይህ የመጨረሻው በአጀንዳው ውስጥ መኖሩን ጠይቀዋል። ሰብሳቢዋ «ልዩ ልዩ ውስጥ አለ» ብለዋል።

ድምፅ ተሰጥቷል። ገንዘብ ያዧ ስሌታቸውን ላለማሳፈር፣ ድምቡሼ ደግሞ ከመጀመሪያውም ዳገት ስለማይወዱ ከሰብሳቢዋ ጋር ቆመዋል። ነርሷና እኔ ተቃውመናል። ምራት እጃቸውን አላወጡም።

ውሳኔ፦ በሦስት ድጋፍና በሁለት ተቃውሞ ጉዞው ተሰርዟል፤ ካናቴራው ይቆለፋል።

አጀንዳ 4

ምራት ዕድል ጠይቀው ተነስተዋል። ቀጥሎ ያለውን ቃል በቃል እንድጽፈው የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ላሳጥረው ብል ግን እጄ እምቢ አለኝ።

«እትዬ፣ ካናቴራውንስ አወልቃለሁ፤ ምን ችግር አለው። ግን ስለ ሱፉ አይደለም ይሄ ሁሉ። እናውቀዋለን።»

ሰብሳቢዋ፦ «ታዲያ ልጁን ለማን ጥለሽ ነው የምትሄጂው?»

ምራት፦ «ለአባቱ። አሁንም እኮ እሱ ጋ ነው።»

ሰብሳቢዋ፦ «እሱ ደግሞ ምን ያውቃል!»

ምራት፦ «እሱንማ ያሳደጉት እርስዎ ነዎት፣ እትዬ። የሚያውቀውንና የማያውቀውን እርስዎ ይንገሩን።»

ከታች የምድጃው በር ሲዘጋ ተሰምቷል። ነርሷ በዚህ ጊዜ፣ «የሰብሳቢዋ ልጅ የገዛ ልጁን ሁለት ቀን መጠበቅ ይችላል ወይስ አይችልም» የሚለው ድምፅ ይሰጥበት የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ገንዘብ ያዧ ኮሚቴው ለዚህ ሥልጣን አለው ወይ ሲሉ ጠየቁ። መተዳደሪያ ደንቡን አገላብጬ የሚከለክል አንቀጽ አላገኘሁም። ሰብሳቢዋ እንዲህ ያለውን ነገር እንደማይመሩ፣ ሌላ ሰውም እንዲመራው እንደማይፈቅዱ አሳውቀዋል።

ማስረጃ ያለው ይናገር ተብሎ፣ ድምቡሼ አንድ ጠዋት አባትየው ልጁን እንደ ዳቦ ብብቱ ሥር ይዞ ሱቃቸው ሲገባ ማየታቸውን መስክረዋል። ልጁ እያለቀሰ ነበር ወይ ተብለው ሲጠየቁ፣ ተኝቶ ነበር ብለዋል። ምስክርነቱን ሁለቱም ወገኖች ለራሳቸው ወስደውታል።

ምራት ጉዳዩ ስለሚነካቸው ድምፅ አልሰጡም። ነርሷና እኔ ይችላል አልን። ገንዘብ ያዧና ድምቡሼ አይችልም አሉ። ውሳኔው የሰብሳቢዋ ድምፅ ላይ ቆመ።

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «አይችልም» አሉ። «አውቀዋለሁ፣ አይችልም። አንድ ቀን ብርጭቆህን እጠብ ብዬው አላውቅም። አባቱም እንደዚያው ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና ሸሚዙ የት እንደሚቀመጥ ሳያውቅ ሞተ።» ወደ መስኮቱ ዞረው ቀጠሉ። «ያንን ተራራ በመስኮት እያየሁ ነው ያረጀሁት። ልጁን ለማን ጥዬ፣ ልጁን ለማን ጥዬ ስል ጉልበቴ አለቀ። የጉዞ ማኅበር ሰብሳቢ ነኝ እላለሁ እንጂ ጫፉን አንድ ቀን ረግጬው አላውቅም።»

ይህ ከቃለ ጉባኤው እንዲወጣ ጠየቁ። ብዕሬን ከወረቀቱ አነሳሁ። ወዲያው «ተይው፣ ይቀመጥ» አሉ። አፍሬ አንገቴን ደፍቼ ጻፍኩት።

ገንዘብ ያዧ በቀስታ፣ እንግዲያውስ ድምፁ አይችልም በሚለው እንደሚያልፍ አስታውሰዋል።

ሰብሳቢዋ፦ «ያልፋል። ስላልቻለ አይደል እንዴ የሚማረው? ከቅዳሜ የተሻለ ቀን ምን አለ?»

ምራት በሸሚዛቸው እጅጌ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ነርሷም ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉላቸው።

ከአጭር ውይይት በኋላ በሙሉ ድምፅ የሚከተለው ተወስኗል፦

ሀ. የሰብሳቢዋ ልጅ ልጁን መጠበቅ እንደማይችል ኮሚቴው በድምፅ ብልጫ አረጋግጧል፤ ስለሆነም ይጠብቃል።

ለ. በዚህ ስብሰባ በአጀንዳ 1፣ 2 እና 3 የተወሰነው በሙሉ ተሽሯል። ማንም ወደ አማካዩ አይቀርብም። ባለፈው ስብሰባ ስለ ሜሪኖ የተወሰነውም አብሮ ተሽሯል።

ሐ. ጉዞው ቅዳሜ ይካሄዳል። ልብሱ ልኳ የሆነች ትለብሰዋለች፤ ልኳ ያልሆነች ቤቷ ያለውን የሱፍ ሹራብ ከገላዋ ጋር ትለብሳለች፤ ቢያሳክካትም ትችላለች። ገንዘብ ያዧ በማንኛውም ሁኔታ ጥጥ አይለብሱም።

መ. ሰብሳቢዋ ጉልበታቸው እስከፈቀደ ድረስ አብረው ይወጣሉ።

ገንዘብ ያዧ፣ የጸደቀ ሪፖርት በአንድ ቀን ሲሻር ዓይተው እንደማያውቁ ቅሬታቸውን አስመዝግበዋል። ቅሬታው ተቀባይነት አግኝቶ፣ እሱም በተራ ቁጥር ለ መሠረት ተሽሯል።

ስብሰባው ሊዘጋ ሲል ጠረጴዛው ላይ ያለው የሰብሳቢዋ ስልክ ጮኸ። ደዋዩ ልጃቸው መሆኑ ለሁላችንም ይታይ ነበር። ሰብሳቢዋ እጃቸውን ዘረጉ፤ ግማሽ መንገድ ላይ አቁመው መለሱት።

«ዳይፐሩ የት እንዳለ ሊጠይቀኝ ነው» አሉ።

ነርሷ ዳይፐሩ የት እንዳለ ምራትን ጠየቁ።

«ፊት ለፊቱ ነው» አሉ ምራት።

ሰብሳቢዋ እጃቸውን ጉያቸው ውስጥ ከተው ተቀመጡ። ሌላ የሚነሳ ነገር ስላልነበረ፣ ስልኩም ገና እየጮኸ፣ ስብሰባው ከምሽቱ 1፡20 ላይ ተዘግቷል።