እንቁላል በገና ጾም

[ላሊበላ፣ የገና ጾም፣ ጠዋት። የአንድ እንግዳ ማረፊያ ጓሮ። ሥራ ካጣ የሰነበተው አስጎብኚ ደሳለ በሦስት ድንጋይ መካከል እሳት ያነዳል። አጠገቡ ትናንት ማታ ከጎረቤቱ ከምናለ የገዛው አንድ ቅርጫት እንቁላል ተቀምጧል። በቅሎ አከራዩ ምናለ አፉን ከፍቶ ያየዋል። በቅሎዋ ተጭና፣ ታስራ ቆማለች።]

ደሳለ፦ ድስት አይጾምም አልኩህ! ድስት ብረት ነው! ብረት ነፍስ የለውም!

ምናለ፦ እማማ ባንቺዓለም ግን ይጾማል አሉ።

ደሳለ፦ እናቴ? ምን አለችህ ደግሞ?

ምናለ፦ «የቅበላ ዕለት በአመድ ፈግፍጌ ያጠብኩትን ድስት እንቁላል ልታስነኩብኝ ነው?» አሉ። ክዳኑን ይዘው ነበር። ሊወረውሩብኝ መሰለኝ፣ ወጣሁ።

ደሳለ፦ ለእንግዳ ነው አላልካትም?

ምናለ፦ አልኳቸው። «እንግዳው ይብላ፣ ድስቴ ግን አይበላም» አሉኝ።

ደሳለ፦ ተወው! ይህ ሥራ በአንድ ድስት ምክንያት አይበላሽም። እንግዳዬ ሚሎሽ ዛሬ አሸተን ማርያም ይወጣል። ትናንት ምን አለኝ? «ምሳዬም፣ በመንገድ የምቆረጥመውም ፕሮቲን ያለው ይሁን። ከተስማማኝ ነገ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ድረስ ይዛችሁኝ ትሄዳላችሁ» አለኝ። ስማ ምናለ፣ ቱሪስት ካየሁ ዘመን ሆነኝ! ይህን ምሳ ካበላሸሁ አስጎብኚነቱ አበቃ፤ ብልባላ ገጠር አጎቴ ጋ ወርጄ ማሳ ላይ ድንጋይ ለቀማ ነው!

ምናለ፦ ፕሮቲን ግን ምንድን ነው?

ደሳለ፦ (ትንፋሹን ስቦ) ፕሮቲን ማለት ጡንቻ ነው። ጡንቻ የሚገኘው ደግሞ ጡንቻ ካለው ነገር ነው። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል። አለቀ።

ምናለ፦ እንቁላል ጡንቻ አለው?

ደሳለ፦ ገና ነው። ዕቅዱ ግን አለው።

ምናለ፦ ሽምብራስ?

ደሳለ፦ ሽምብራ ጥርስ ያደክማል።

ምናለ፦ ባቄላ?

ደሳለ፦ ባቄላ ሆድ ይነፋል እንጂ ጡንቻ አይነፋም።

ምናለ፦ ምስርስ?

ደሳለ፦ ምስር! አይተሃታል ግን? ራሷ ያላደገች ማንን ታሳድጋለች?

ምናለ፦ ታዲያ እኛ ዕድሜ ልካችንን ሽሮ እየበላን እንዴት ቆምን?

ደሳለ፦ አልቆምንም። ተደግፈን ነው።

ምናለ፦ ሥጋውን ግን ለምን ተውከው?

ደሳለ፦ ሥጋ ቤቱ ዝግ ነዋ! እነ ሸዕባን ቤት ዶሮ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ሚስቱ ዘሀራ «ለማን ነው?» አለችኝ። «ለእንግዳ» ብላት ጊዜ ሳቋን ለቀቀችው። «አንተ ደሳለ፣ ጾሙ ከበደህ እንዴ? እንግዳ ላይ አታሳብብ!» ብላ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራችብኝ። ይኸው ሰፈሩ ጾም ገደፈ እያለ ያወራብኛል።

ምናለ፦ ለእኔም ነግረውኛል።

ደሳለ፦ ምን አልካቸው?

ምናለ፦ «እስካሁን በዓይኔ አላየሁም» አልኳቸው።

ደሳለ፦ ተባረክ! እንዲህ ነው መመስከር! (ዙሪያውን ይቃኛል) ያ የቆርቆሮ ባልዲ የማን ነው?

ምናለ፦ የበቅሎዬ። ውኃ የምትጠጣበት።

ደሳለ፦ አምጣው! በቅሎ አትጾምም፤ ባልዲዋም አይጾምም።

ምናለ፦ እሷ አትጾምም? ሥጋ ቀምሳ አታውቅ፣ ወተት ካፏ ከወጣ ስንት ዘመኗ! በዚህ ከተማ እንደሷ ያለ ጿሚ አለ?

ደሳለ፦ ባልዲውን አልኩህ! (ነጥቆ አለቅልቆ ውኃ ይሞላዋል፤ እንቁላሉን ይከታል።)

ምናለ፦ ሁሉንም?

ደሳለ፦ ሁሉንም! ተራራ እኮ ነው የሚወጣው!

ምናለ፦ (የበቅሎዋን አንገት እያሻሸ) እኔ የምልህ ደሳለ... ይቺ ገለባና ድርቆሽ ብቻ በልታ ሰው ተሸክማ አሸተን ትወጣለች። ጡንቻውን ከየት አመጣችው?

ደሳለ፦ ከ... (ያስባል) ከዘመዶቿ።

ምናለ፦ ዘመዶቿስ?

ደሳለ፦ እሳቱን እፍ በል!

ምናለ፦ (እፍ እያለ) ትናንት ጠዋት ግን እንቁላል ጥብስ ሲያመጡለት በእጁ ገፋው አሉ።

ደሳለ፦ የስንት እንቁላል ነበር?

ምናለ፦ የሁለት።

ደሳለ፦ በል እንግዲህ! በበር ጎንበስ ብሎ ለሚገባ ሰውዬ ሁለት እንቁላል? ስድብ ነው። እኔም እገፋው ነበር።

ምናለ፦ ሻይም ያለ ወተት ነው የሚጠጣው።

ደሳለ፦ ላሟን ስላላያት ነው። ፈረንጅ ያላየውን ላም አያምንም።

ምናለ፦ ምሳ ደግሞ በያይነቱ ብቻ ነው የሚያዘው።

ደሳለ፦ ለቀለሙ! ቀዩ፣ ቢጫው፣ አረንጓዴው... ፎቶ ያነሳዋል።

ምናለ፦ ካነሳው በኋላ ግን ትሪውን ጠራርጎ ይጨርሰዋል።

ደሳለ፦ ንዴት ነው! ሥጋ የናፈቀው ሰው ንዴቱን ጎመን ላይ ነው የሚወጣው።

ምናለ፦ እሑድ ደግሞ ቅዳሴ እስኪያልቅ እህል ውኃ ሳይቀምስ አጠገቤ ቆሞ ነበር።

ደሳለ፦ ሰዓት ጠፍቶበት ነው። የነሱ ሰዓትና የኛ ይለያያል። አንተ ከበቅሎ ሌላ ምን ታውቃለህ? ዝም ብለህ ላጥ!

[እንቁላሉ ይበስላል። ሁለቱም ጣታቸውን እያቃጠሉ ልጠው ትሪ ላይ ይቆልላሉ። ከውስጥ በር ሲከፈት ይሰማል።]

ደሳለ፦ ተነሣ! (ጸጉሩን አስተካክሎ ትሪውን ያነሣል) እየው፤ የተማረ ሰው ሥራ ይህን ይመስላል! (እየሮጠ ይገባል።)

[ከውስጥ የእንግዳው ረጅም ሳቅ ይሰማል። ደሳለ ከነትሪው ይመለሳል። አንድም እንቁላል አልጎደለም።]

ምናለ፦ አነሰው?

ደሳለ፦ (በሹክሹክታ) ይጾማል።

ምናለ፦ ማን?

ደሳለ፦ ሚሎሽ! አገሩ ሰርቢያ ነው፤ እነሱም ኦርቶዶክስ ናቸው። ገናንም የሚያከብሩት በኛው ቀን ነው አለኝ። ምናለ፣ ፈረንጅ ጾሞ አይተህ ታውቃለህ? ለካ የፈለገው የጾም ፕሮቲን ነው! እሱ ደግሞ የሚባል ነገር የለም! አለቀልኝ! ደህና ሰንብት፣ አስጎብኚነት! መጣሁልህ፣ ድንጋይ ለቀማ!

ምናለ፦ (ከኮርቻው ላይ አገልግል ያወርዳል) ቆይ፣ እኔ ልግባ።

ደሳለ፦ ምንድን ነው እሱ?

ምናለ፦ የምስር አዚፋ አለው። ሽሮ ተቀብቶ የተጠቀለለ እንጀራም አለ። በመንገድ የሚቆረጥመው ደግሞ የሽምብራ ቆሎና የባቄላ አሹቅ። ኮዳው ውስጥ የሱፍ ውኃ ነው። (ይገባል።)

[ደሳለ ከበቅሎዋ ጋር ተፋጦ ይቆያል። ምናለ አገልግሉን ትቶ ባዶ እጁን ይወጣል።]

ደሳለ፦ ምን አለ?

ምናለ፦ ተቀምጦ አሹቁን ይበላል። ለአሸተን የተሰናዳውን ከግቢ ሳንወጣ ሊጨርሰው ነው። «ይህን ያሰናዳ ሰው ነገ አቡነ ዮሴፍ ይምራኝ» አለ።

ደሳለ፦ አንተን?

ምናለ፦ ማኅሌትን ነበር፣ ባለቤቴን፤ እሷ ቤት ትፈለጋለች ብዬ እኔ ተተካሁ። አይዞህ፣ አንተም ትመጣለህ። በቅሎ የሚጎትት ሰው እፈልጋለሁ።

ደሳለ፦ (በእሺታ ራሱን ነቅንቆ፣ ከዚያ ድንገት ቆም ብሎ) ቆይ ቆይ! አሹቅ የሚዘፈዘፈው ማታ ነው። ማታውኑ ታውቅ ነበር ማለት ነው!

ምናለ፦ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ጠየቅኩት። «እጾማለሁ» አለኝ።

ደሳለ፦ ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?!

ምናለ፦ ጾሙ ከገባ ጀምሮ ዶሮዎቼ ያለ ዕረፍት ይጥላሉ፤ የሚገዛ ግን ጠፋ። ቤታችን እንቁላል እንቁላል ሆኖ መርገጫ አጣን። ትናንት ማታ እየሮጥክ መጥተህ «ያለህን ሁሉ ሽጥልኝ፣ የጠራኸውን ዋጋ እከፍላለሁ» ስትለኝ... ሁሉን ለሚያውቅ ሰው እኔ ምን እነግረዋለሁ ብዬ ዝም አልኩ።

ደሳለ፦ (ትሪውን፣ ከዚያ ጎረቤቶቹ ብቅ ያሉበትን አጥር እያየ) ኧረ እመቤቴ! ዘሀራ እያየችን ነው! ይህን ሁሉ የት ላድርገው? በላሊበላ ይዤሃለሁ፣ መልሰህ ውሰድልኝ!

ምናለ፦ ጥሬውን ቢሆን እወስድልህ ነበር። የተቀቀለና የተላጠ ይዤ ብገባ ግን የትኛዋ ዶሮዬ ትቀበለኛለች?