ብርሃንን በድምፅ ብልጫ የወሰነው የእድራችን ስብሰባ

ያምሮታችን ማስተርሷን ያዘች፤ በፊዚክስ። ይህ ከሁሉ አስቀድሞ እንዲሰፍር ያደረግሁት እኔ ጸሐፊዋ ሰብሊ ነኝ። ሊቀመንበሩ አቶ ጋሹ ሥርዓት አይደለም ብለው ነበር፤ እስክሪብቶው ግን በእኔ እጅ ነው።

ቀን፦ እሑድ ሰኔ 28 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ከቅዳሴ በኋላ
ቦታ፦ ፍኖተ ሰላም፣ የእድሩ ዕቃ ቤት
የተገኙ፦ አቶ ጋሹ፣ መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ፣ የልጅቱ እናት ወይዘሮ እናትነሽ፣ እኔ
ያልተገኙ፦ አቶ ቢሆነኝ (ሽንኩርት ሊያመጡ ቆጋ ሄደው)። ምልዓተ ጉባኤው ያለ እሳቸውም ሞልቷል።

አጀንዳ 1፦ ለያምሮት ድግስ ድንኳን ስለመስጠት

አቶ ጋሹ ደንቡ ድንኳን የሚፈቅደው ለሐዘንና ለሠርግ ብቻ መሆኑን አስታወሱ። ወይዘሮ እናትነሽ ልጃቸው እስክታገባ ወይም እሳቸው እስኪሞቱ የሐምሌ ዝናብ እንደማይታገሥ አስረዱ። ከረጅም ውይይት በኋላ እንዲሰጥ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ የጥሪው ጽሑፍ

ያምሮት ስለ ጥናቷ የጻፈችው ተነበበ፦ «የሩቅ ኮከብ ብርሃን በመንገዱ ባለ ከባድ ኮከብ ስበት ታጥፎ በሁለት መንገድ ይደርሰናል። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ ቦታ ይደምቃል፣ አንዱ ይጨልማል።»

አቶ ጋሹ እኛ ዘንድ ለመጨለም የአንዱ መብራት መጥፋት እንደሚበቃ ገለጹ። መሪጌታም ሁለት ጧፍ አብርተው ጨልሞባቸው እንደማያውቅ መሰከሩ። ስለዚህ ብርሃን በብርሃን ላይ ሲጨመር ብርሃን እንዲሆን በሁለት ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ተወሰነ። (የታቀብኩት እኔ ነኝ፤ አክስቷ ብሆንም አልገባኝም ነበር።) ልጅቱ ጥናቷን እስክታርም ድንኳኑ እንዲያዝ ታዘዘ።

ወይዘሮ እናትነሽ «እንግዲያው አቶ ጋሹ፣ ዝናቡንም እጅ አስወጥተው ያስቁሙልኝ» አሉ።

አጀንዳ 3፦ ያልታሰበ

ያምሮት ተጠርታ መጣች። የእድሩን ትልቅ ሳፋ ውሃ ሞልታ ገለባ በተነችበት፤ ውሃውን በሁለት ጣቷ እኩል መታ መታ አደረገች። አንዱ ገለባ ሲዘል ሌላው ዝም ብሎ ቆመ።

«አዩ የኔታ፣ የአንዱ ሞገድ ሲነሣ የሌላው ከወረደ ይጠፋፋሉ። ብርሃንም ሞገድ ነው።»

«ሁለቱ ጧፎቼስ?»

«እነሱ እንደየራሳቸው ናቸው፣ አይገጥሙም። የእኔው ከአንድ ኮከብ ወጥቶ ነው ለሁለት የተከፈለ።»

መሪጌታ ከአንድ መምህር የወጡ ሁለት ደቀ መዛሙርት መሆናቸው ነው ብለው ተቀበሉ። ያምሮት ቀጥላ፣ ፀሐይ በሻይ ብርጭቆ ውስጥ የምትስላትን ደማቅ ቀስት አስታወሰችን። የታጠፈው የኮከብ ብርሃንም እንዲሁ የሚታጨቅበት ጠርዝ አለው፤ በዚያ ጠርዝ አጠገብ ድምቀትና ጨለማ እንደ ነጠላ ጥለት ይደረደራሉ፤ የምታጠናው ያንን ጥለት ነው። አሁን ገባኝ።

አቶ ጋሹ ተራ ጠየቁ። ሱሪያቸው እስኪረጥብ ሳፋውን አልለቀቁም።

ማጠቃለያ

ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ብርሃን ከእንግዲህ በእድራችን ድምፅ አይሰጥበትም። ወይዘሮ እናትነሽ የድንኳኑም ፈቃድ አብሮ እንደተሻረ ሲያስተውሉ ፊታቸው ተለወጠ። አቶ ጋሹ ግን ደንቡ ዕቃን ከዝናብ መጠበቅን እንደማይከለክል አመለከቱ። ስለዚህ ድንኳኑ ሳፋውን ለማስጠለል ይወጣል፤ እንግዳ ከሥሩ ቢቀመጥ አይባረርም።

ስብሰባው ስድስት ሰዓት ላይ ተበተነ። ገለባ ከአቶ ጋሹ ነው። ጥሪውም ይኸው ቃለ ጉባኤ ነው፤ እናንተ ብቻ እሑድ ሐምሌ 12 ለድግሱ አንድም ሰው ሳይቀር ኑልን።