መንግሥት ሆኜ የዋልኩ ለት

ልጄ ሲፈን ገና ፊደል ሳትለይ፣ አንድ ቀን ራት ላይ "እማዬ፣ መንግሥት ቤቱ የት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። አባቷ አናጺ ነው። ያን ሰሞን ለአንድ መሥሪያ ቤት በር ሠርቶ "ዛሬም መንግሥት አልከፈለኝም" እያለ በገባ በወጣ ቁጥር ያማርር ነበርና፣ ልጅት መንግሥት የሚባለው ሰውዬ እዚሁ ሰፈር ያለ መስሏት ሄዳ ልትነግርልን አስባ ኖሯል። "አዲስ አበባ ነው" አልኳት። ለማያውቁት ነገር ሁሉ አዲስ አበባ ጥሩ መልስ ነው። "በር አለው?" አለችኝ። "እንዴታ" አልኳት። "በሩን የሠራለት አባዬ ነው?" ስትል አባቷ ጉርሻው ጉሮሮው ላይ ቆመበት።

ልጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ የልጅ ጥያቄ ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ነው፤ አውጥተው እስኪጥሉት ድረስ በተራመዱ ቁጥር ይቆረቁራል። እኔ ይህን ጠጠር ዓመታት ይዤው ዞሬያለሁ። ደግሞስ እውነቷን አይደል? ስለ መንግሥት ስናወራ ልክ እንደ ሰው አድርገን ነው። መንግሥት አለ፣ መንግሥት ከለከለ፣ መንግሥት ሊሰጥ ነው እንላለን። ሰው ከሆነ እንግዲህ አንድ ቀን ገበያ ላይ ልናገኘው፣ እንደምን ዋልክ ልንለው፣ ቢበድለንም በሽማግሌ ልናስጠይቀው ይገባን ነበር። የጥንት ሰዎች ግን "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" ብለው ነገሩን ከነመዝጊያው ዘግተውታል። የእኛ ከተማ ሽማግሌ ኦቦ ቶሌራ ይህን ተረት ወይ አልሰሙትም፣ ወይ ሰምተው አልተስማሙበትም።

ከተማችን ከአምቦ ወደ እጃጂ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች ናት። ስሟን ባልጠራ ትወደኛለች፤ ስሟ በተጠራ ቁጥር ስብሰባ የሚጠሯት እየመሰላት ትደነግጣለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲፈን አድጋ ስምንተኛ ክፍል ደረሰች። የሚኒስትሪ ፈተናው ሊደርስ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው አስተማሪዎቹ ማስተማር አቆሙ። ሁለት ወር ሙሉ ደሞዝ አልገባላቸውም ነበር። አቆሙ ስላችሁ ቤታቸው ተኙ ማለቴ አይደለም። የቀረ ሰው ከሥራ ገበታው ጠፋ ተብሎ ይባረራል፤ ስለዚህ በማለዳ ይመጣሉ፣ ይፈርማሉ፣ ከዚያ ከግቢው ግራር ሥር ተደርድረው ይውላሉ። ደወል ሲደወል ተማሪው ይገባል፤ አስተማሪው ግራሩ ሥር ነው። ደወል ሲደወል ተማሪው ይወጣል፤ አስተማሪው እዚያው ግራሩ ሥር ነው። በዚያ ግቢ ሥራ የነበረው ደዋዩ ብቻ ነው።

ደሞዙ የት ገባ ለሚል ሰው መልሱ "የወጪ ቅነሳ" ነበር። ወረቀት ተቀነሰ፣ የመኪና ነዳጅ ተቀነሰ፣ ውሎ አበል ተቀነሰ። ስብሰባ ላይ ይታደል የነበረው ውሃ እንኳ፣ ያውም ውሃ ከነጋዙ ከመሬት በሚፈልቅበት አገር፣ ቀረ። ያልተቀነሰው ስብሰባው ብቻ ነው።

የአስተማሪዎቹ አፍ መምህር ገመቹ ነበር። ወጣት የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ልጄ ሒሳብን የወደደችው በእሱ ነው። እኔ በትምህርት ቤቱ በር ዳቦ ስለምሸጥ ጠዋት ጠዋት እንገናኛለን። አንድ ቀን ደፈር ብዬ፣ "መምህር፣ ስምንተኞቹን ብቻ እንኳ ብታስተምሩልን" አልኩት።

"ሀዳ ሲፈን፣" አለኝ። የሲፈን እናት ማለቱ ነው፤ ከተማው ሁሉ የሚጠራኝ እንዲሁ ነው። "ዳቦሽን ያለ ዱቄት ትጋግሪያለሽ?"

"አልጋግርም።"

"እኔ ሁለት ወር ያለ ዱቄት ጋገርኩ።"

"ታዲያ ልጄ ምን ትብላ?"

"እሱን ዱቄቱን የያዘውን ጠይቂው።"

ምን ይባላል? እውነቱን ነው። የእኔም ጭንቀት ግን እውነት ነበር። ሲፈን ከወደቀች ዓመት ትደግማለች፤ ወንጪ ደግሞ የአባቷ እኅት አለች፤ "ልጅቱ ትምህርቱ ካልሆነላት እኛ ዘንድ ደህና ቤተሰብ አለ፣ ፈረስም አላቸው" የምትል። ክፉ ሴት አይደለችም። ፈረሱም መልካም ፈረስ ይሆናል። እኔ ግን ከሰባተኛ ክፍል የወጣሁት በእንዲህ ያለ መልካም ፈረስ ምክንያት ስለሆነ፣ ልጄ በእግሯ እንድትሄድ እመርጣለሁ።

ለማርያም ነገርኳት። መልሷ ሲዘገይብኝ፣ ይቅር ትበለኝና፣ እሷም ማመልከቻዬን "ለሚመለከተው ክፍል" መርታው ይሆን ብዬ አሰብኩ። ለካ መልሱን በኦቦ ቶሌራ ልካው ኖሯል። ኦቦ ቶሌራ ጴንጤ ናቸው። የእመቤቴ ሥራ አይመረመርም።

ኦቦ ቶሌራ የድንበር ጠብ፣ የባልና የሚስት ኩርፊያ፣ የጠፋ በሬ ነገር ሲያስታርቁ ያረጁ ገበሬ ናቸው። የልጅ ልጃቸው ከሲፈን ጋር አንድ ክፍል ነው። አንድ ቀን ግቢውን ከበር ሆነው አይተው አይተው፣ "ይሄ ጠብ ነው አይደል?" አሉ። "ጠብ ከሆነ ሽማግሌ ይቀመጥበታል።"

በእኛ አገር ይህ ጃርሱማ ይባላል። ተበዳይ በአንድ አግዳሚ፣ በዳይ ፊት ለፊት በሌላ አግዳሚ፣ ሽማግሌ መሐል። ሁለቱም አግዳሚዎች ሳይሞሉ ነገር አይጀመርም። ባለቤቴ የሠራቸውን ሁለት አግዳሚዎች አዋሰ። ኦቦ ቶሌራ ከወላጅ ወገን እኔን አብሬያቸው እንድቀመጥ ጠሩኝ፤ "ዳቦ ሻጭ ከማንም አትጣላም" ብለው። የቀረው በዳዩን መፈለግ ነበር።

ወረዳ ሄዱ፤ ጉዳዩ የዞን ነው አሏቸው። አምቦ ድረስ ሄደው ዞኑን ጠየቁ፤ የክልል ነው አሏቸው። "ክልልስ ምን አለ?" ብላቸው፣ "ሲስተም የለም አሉኝ። እሱ ደግሞ የማን ልጅ ነው?" አሉኝ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይተወው ነበር። እሳቸው ወደ ወረዳው ተመልሰው፣ "ገንዘብ አምጡ አላልኩም፤ አግዳሚ የሚሞላ አንድ ሰው ላኩልኝ" አሏቸው። የሽማግሌ ፊት መመለስ ያሳፍራልና ላኩላቸው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ግራሩ ሥር ተቀመጥን። የተላከው ደረጀ የሚባል የገንዘብ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነው። ኮቱን ቆልፎ፣ ፋይል በብብቱ ይዞ፣ ለአምስት ሰው በተሠራ አግዳሚ ላይ ብቻውን መሐል ላይ ተቀመጠ። ኦቦ ቶሌራ ቆመው መረቁ፤ ሰላም ይሁን፣ ዝናም በጊዜው ይዝነብ፣ የደከመ ይብላ እያሉ። እኛም "ሃ ታኡ፣ ይሁን" እያልን ተቀበልን። የደከመ ይብላ ሲሉ "ሃ ታኡ" ብሎ ከሁሉ ጮክ ያለው ደረጀ ነበር። ያን ጊዜ ልብ ማለት ነበረብኝ።

"በል መንግሥት፣" አሉት ኦቦ ቶሌራ ተቀምጠው፣ "ለምንድን ነው ያልከፈልካቸው?"

ደረጀ ተነሣ። "እንደሚታወቀው" ብሎ ጀመረ። እንደሚታወቀው ብሎ የሚጀምር ሰው ማንም የማያውቀውን ሊናገር ነው። የበጀት ጉድለት አለ፣ ወጪ ቅነሳ አለ፣ ከላይ የሚጠበቅ አለ፣ እያለ ቀጠለ።

"ደረጀ፣ ሒሳብ ነው የማስተምረው" አለው መምህር ገመቹ። "ዜሮን በየትኛውም በኩል ብታገላብጠው አውቀዋለሁ።"

አስተማሪዎቹ ሳቁ። ኦቦ ቶሌራ አልሳቁም። ደረጀን ትኩር ብለው አዩትና፣ "ልጄ፣ በልጆችህ ይዤሃለሁ፤ የአንተ ደሞዝስ ገባ?" አሉት።

ደረጀ ፋይሉን አየ። ከፋይሉ ውስጥ የሚረዳው አልወጣም። "እኔ እንኳ... ያው ነው" አለ።

"ያው ምን?"

"አልገባም፣ ኦቦ። የእኛም ሁለተኛ ወሩ ነው።"

ከዚያ መምህር ገመቹ፣ "ታዲያ እዚያ ማዶ ብቻህን ምን ትሠራለህ? ና ወዲህ" ብሎ ጠጋ አለለት። ደረጀ ኦቦ ቶሌራን አየ፤ ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉለት። ተሻግሮ ከአስተማሪዎቹ ጋር ተቀመጠ። በድንጋጤው ፋይሉን ማዶ ረስቶት ስለነበር፣ ለአፍታ ፋይሉ ብቻውን መንግሥት ሆኖ ተቀመጠ። ኋላ ሄዶ አመጣው።

አሁን አንዱ አግዳሚ ጢም አለ፣ አንዱ ባዶ ሆነ። "በባዶ አግዳሚ አይታረቅም" አሉ ኦቦ ቶሌራ። እንበተን የሚል ድምፅ ከወዲያ ተሰማ። እኔ ፈተናውን አሰብኩ፤ ወንጪን አሰብኩ። የፊቴ መለወጥ ታይቷቸው ይሁን ሌላ፣ ኦቦ ቶሌራ ወደ እኔ ዞሩ።

"ሀዳ ሲፈን፣ ግብር ትከፍያለሽ?"

"ለዳቦው፣ በየዓመቱ።"

"ሳታጓድይ?"

"ሳላጓድል።"

"እንግዲያ መንግሥት የቆመው ባንቺ ነው። ተሻገሪ።"

ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ተሻገርኩ።

እስቲ አንድ ቀን እዚያ አግዳሚ ላይ ተቀምጣችሁ እዩት። ከወዲህ ሲያዩት ሰፊና ምቹ ይመስላል፤ ከተቀመጡበት በኋላ ግን ሰው ሁሉ እናንተን ያያል፣ የሚያየው ሰው ሁሉ ደግሞ የተቆጣ ይመስላል። ባለሥልጣን ለምን በር ዘግቶ ስብሰባ እንደሚያበዛ የገባኝ ያን ለት ነው።

"በይ መንግሥት፣ ለምን አልከፈልሻቸውም?"

"የለኝም።"

"እያለሽ ነው ወይስ አጥተሽ?"

"እሱንም አላውቀው።"

"ከበጀት ዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ የሰማሁት ትክክለኛ መልስ ይሄ ነው" አለ ደረጀ። አሁን ከወዲያ ማዶ ስለሆነ ምላሱ ተፈትቷል።

በሽምግልና ወግ በዳይ ተነሥቶ ጥፋቱን ያምናል። ስለዚህ ተነሣሁ። ነጠላዬን አደገደግሁ። ሊቀልድ እንደሚነሣ ሰው ነበር የተነሣሁት፤ አፌን ስከፍት ግን ቀልዱ ጠፋብኝ። "አጥፍቻለሁ" አልኳቸው። "ለፍታችሁ ልጆቼን አስተማራችሁልኝ፤ እኔ የላባችሁን አልሰጠኋችሁም። ልጆቻችሁ ምን እንደሚበሉ ሳልጠይቅ፣ ለምን ቆማችሁ አልኳችሁ። ይቅር በሉኝ።"

መምህር ገመቹ፣ ያ አፈኛ፣ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ሲያስር ቆየ። ጫማው ማሰሪያ አልነበረውም።

ቀና ሲል፣ "ይቅርታ ሆድ አይሞላም" አለኝ።

"አይሞላም።"

"ደሞዛችንን አልተውንም።"

"አትተዉ።"

"ግን እንዲህ ያለን ሰው አልነበረም።" ወደ ጓደኞቹ ዞረ፤ እነሱም አዩት። "ስምንተኞቹን ከነገ ጀምረን እናስተምራለን። ለሌላው ደሞዙ እስኪገባ ግራሩ ሥር ነን።"

"ሃ ታኡ" አሉ ኦቦ ቶሌራ። እኔም አልኩ። መንግሥት ባልሆን ኖሮ እልል እል ነበር።

ደሞዙ ኋላ ገባ፤ እንደ ክረምት ፀሐይ ብልጭ ድርግም እያለ፣ ግን ገባ። ሲፈንም አለፈች፤ የወንጪው ፈረስ ሌላ ሙሽራ ተፈልጎለታል። ሳልነግራችሁ እንዳልሄድ የፈለግሁት ግን የማግስቱን ጠዋት ነው።

ዓርብ ማለዳ ነው። ሲፈን ዩኒፎርሟን ለብሳ ደብተሯን ታሰናዳለች፤ እኔ እጄ እስከ ክርኔ ሊጥ ነው፣ የመጀመሪያው ዳቦ እሳት ላይ ነው። በር ተንኳኳ። ብከፍት ደረጀ ሁለት የመሥሪያ ቤቱን ሰዎች አስከትሎ ቆሟል። "ኣካም ቡልተን፣ እንዴት አደራችሁ" ተባባልን። አንገቱን አከከ።

"ሀዳ ሲፈን፣ ትናንት ለአስተማሪዎቹ ያልሽው ቢሯችን ድረስ ተሰማ። የእኛም ልጆች... ብቻ፣ ለእኛም እንደዚያው ብትይልን ብለው ነው።"

"ዛሬ አይመቸኝም" አልኩት። "ሰኞ ተመለሱ።"

ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። አንድ ከሰዓት ብቻ ነው እዚያ አግዳሚ ላይ የተቀመጥኩት፤ ዕድሜውን የተቀመጠበትን ሰው እንግዲህ ምን እፈርድበታለሁ። ደረጀ ደግሞ አልተከራከረኝም። እሺ ብሎ ዞረ፤ ሰኞ ተመለሱ የሚለውን ቃል ሲልም ሲባልም ለምዶታል።

ሲፈን ቦርሳዋን አንግታ በአጠገቤ ሾልካ ወጣች። ደጁ ላይ ቆም ብላ አንዴ እኔን፣ አንዴ ቤቱን አየች። "እማዬ፣ ያኔ የጠየቅሁሽን አሁን አገኘሁት" አለችኝ። "በሩንም አባዬ ነው የሠራው።" እየሳቀች ሮጠች፤ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ነበር።

ሰዎቹን ከመንገድ ጠርቼ መለስኳቸው። ሊጡን ከእጄ አሸሁ፣ ነጠላዬን አደገደግሁ፣ ደፉ ላይ ቆሜ "አጥፍቻለሁ" አልኳቸው፤ ከትናንቱ አንድ ቃል ሳላጎድል። አንደኛው ሰውዬ ሃ ታኡ አለ። ሸኝቻቸው ስመለስ ዳቦው በአንድ ወገኑ አሯል። ያረረውን ወደ ታች ገልብጬ፣ ጨርቅ አልብሼ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ በር ይዤው ወጣሁ።